ቦይለራችሁ ከመቃጠሉ በፊት፦ የሐረርና የድሬ ውሃ የሚጥለውን ነጭ ቅርፊት መከላከል

ሐረር ውስጥ በታህሳስና በጥር ጠዋት ቀዝቃዛ ሻወር አይደፈርም። ድሬ ያሉ ዘመዶቼ ይሄ አይገባቸውም፤ እነሱ ጋ ሮቶው ፀሐይ ላይ ስለሚውል ቧንቧው ራሱ ሞቅ ያለ ውሃ ይሰጣል። እኛ ግን ከባህር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ነን። ቦይለር እንፈልጋለን። ችግሩ ቦይለሩ አይበረክትም። ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውስጡ ሆኖ ውሃውን በኤሌክትሪክ የሚያሞቀው ብረት፣ ይቃጠላል፣ ይቀየራል፣ ደግሞ ይቃጠላል።

እናቴ ቤት ያለው ባለ 50 ሊትር ቦይለር እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ ሲቃጠል ጠጋኝ ጠራን። አዲስ ሬዚስታንስ ገጠመልን፣ ከፈልነው፣ ሄደ። ዓመት ሳይሞላው ያም ተቃጠለ። ሁለተኛውን ራሴ ፈታሁት። ሬዚስታንሱን ስስበው አልወጣም። ወዘወዝኩት፣ ቀስ ብዬ ጠመዘዝኩት፣ በመጨረሻ ሲወጣ ጣት የሚያክለው ብረት ነጭ ቅርፊት ለብሶ የእጅ አንጓ አክሏል። ተከትሎት ደግሞ የእንቁላል ቅርፊት የሚመስል ስብርባሪ እየተንኮሻኮሸ ባልዲው ውስጥ ወረደ። ባልዲው ግማሽ ሞላ። ለካ የመጀመሪያው ጠጋኝ አዲሱን ሬዚስታንስ የከተተው እዚሁ ክምር ውስጥ ነው። ታንኩን አላጸዳውም። ብሩ ሳይሆን ይሄ ነው ያናደደኝ፣ ምክንያቱም ማጽዳቱ ያን ያህል ከባድ ስራ አይደለም። ስለዚህ የምሰራውን ከነምክንያቱ ልንገራችሁ።

ነጩ ነገር ቆሻሻ አይደለም። ኖራ ነው፣ በኬሚስትሪው ስም ካልሲየም ካርቦኔት። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ወደ መሬት ሲሰርግ ትንሽ አሲድነት ይኖረዋል፣ የኖራ ድንጋይ ሲያገኝም እያሟሟ ይዞት ይሄዳል። የእኛ አካባቢ ደግሞ በኖራ ድንጋይ የታወቀ ነው። ድሬዳዋ የሲሚንቶ ከተማ የሆነችው በዚሁ ድንጋይ ነው። ከድሬ ወጣ ብሎ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻም ያለው የኖራ ድንጋይ ገደል ውስጥ ነው። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ከደረቀ ወዲህ እኛም ሐረሮች ከድሬ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ሽቅብ ተገፍቶ የሚመጣ የከርሰ ምድር ውሃ ጠጪዎች ሆነናል። ባለቤቱ ብዙ፣ ድንጋዩ አንድ።

ውሃው ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ ኖራው ሟሙቶ አይታይም። ሲሞቅ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ኖራውም የሚይዘው ስለሌለ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። የት? በጣም የሚሞቀው ቦታ ላይ፣ ማለትም ሬዚስታንሱ ላይ። ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ይሄ ቅርፊት ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከመቶ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ሬዚስታንሱ ብርድ ልብስ ደርቦ እንደተኛ ሰው ነው፤ ሙቀቱ ወደ ውሃው በቀላሉ አይወጣም፣ ውስጡ ይታመቃል፣ አንድ ቀን ይፈነዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በበረዶ አገር ቤቶች ውስጥ ያለው ማሞቂያ ከእኛው የተለየ ነው። እነሱ ጋ አንዱ ውሃ ብቻ በቧንቧና በራዲያተር እየዞረ ቤቱን ያሞቃል፣ ውሃው አይቀየርም፣ ስለዚህ መጀመሪያ የያዘውን ኖራ ጥሎ ያበቃል። ዝገት እንዳይነሳ ኬሚካል ይጨምሩበታል፣ የውሃውን አሲድነትም እየለኩ ይከታተላሉ። የእኛ ቦይለር ግን ተከፍቶ የሚጠጣ፣ የሚታጠቡበት፣ በየቀኑ አዲስ ውሃ የሚገባበት ነው። ኢንተርኔት ላይ ያንን ኬሚካል አይታችሁ ወደ ቦይለራችሁ እንዳትጨምሩ፣ አደራ። ልጅ የምታጥቡበት ውሃ ነው።

በየቀኑ አዲስ ውሃ መግባቱ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። የውሃ ጥንካሬ የሚለካው በአንድ ሊትር ውስጥ ባለ ካልሲየም ካርቦኔት ሚሊ ግራም ነው። እስከ 60 ለስላሳ ነው፣ ከ120 በላይ ጠንካራ፣ ከ180 በላይ ደግሞ በጣም ጠንካራ ይባላል። ለምሳሌ 300 የሆነ ውሃ በቀን 50 ሊትር ብታሞቁ ውስጡ 15 ግራም አለ። በዓመት ከ5 ኪሎ በላይ ነው። ሁሉም አይረጋም፣ አብዛኛው ከውሃው ጋር ይወጣል። አንድ አስረኛው ብቻ ቢቀር ግን ግማሽ ኪሎ ድንጋይ ታንካችሁ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

የራሳችሁን ውሃ ለማወቅ ላብራቶሪ የግድ አይደለም። ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ። በአንዱ የዝናብ ውሃ፣ በሌላው የቧንቧ ውሃ እኩል አድርጉ። በሁለቱም እኩል የተፋቀ ነጭ የልብስ ሳሙና ጨምሩና ነቅንቁ። የዝናቡ ወዲያው አረፋ ይሞላል። የቧንቧው አረፋ ከሌለውና ላዩ ላይ እንደ እርጎ ያለ ዝቃጭ ከሰራ ውሃችሁ ጠንካራ ነው። በኦሞ አትሞክሩት፣ ኦሞ በጠንካራ ውሃም ስለሚያረፋ ያታልላችኋል። ሻይ ስትቀዱ ብርጭቆው ላይ የሚንሳፈፈው ስስ ሽፋንም የዚሁ ምልክት ነው። በራዱንም ገልብጣችሁ እዩት፣ እሱ አይዋሽም።

ለጤና የሚፈራ ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ጣሪያ የለም። ጠንካራ መሆኑ የሚጎዳው እቃን ነው።

አሁን ወደ ስራው። መጀመሪያ ምንም ሳትፈቱ ዛሬውኑ የምታደርጉት አለ፦ ሙቀቱን ቀንሱ። ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) ጥጉ ድረስ ተጠምዝዞ 75 እና 80 ዲግሪ ላይ ያለ ቦይለር ብዙ አይቻለሁ። ከ60 ዲግሪ በላይ ኖራው የሚረጋበት ፍጥነት በጣም ይጨምራል። ከ55 እስከ 60 መሀል አድርጉት። በጣም አውርዳችሁ 40 ላይ እንዳታስቀምጡት ግን፣ ሌጂዮኔላ የሚባለው የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ የቆመ ውሃ ውስጥ ይመቸዋል። ብዙ ቦይለር ላይ ቴርሞስታቱ ከታች ክዳኑ ውስጥ ስለሆነ ብሬከር ሳታጠፉ ካቻቪቴ አትስደዱበት።

ከዚያ ማጽዳቱ። በዓመት ሁለት ጊዜ እላለሁ። መጀመሪያ በስድስት ወር ክፈቱትና የተገኘውን እዩ፣ ጭብጥ የማይሞላ ከሆነ ወደ ዓመት ታራዝማላችሁ። ማታ ብሬከሩን አጥፍታችሁ እደሩ፣ ጠዋት ውሃው ቀዝቅዞ ይጠብቃችኋል። የሻወር ቤቱን ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ተማምናችሁ እንዳትገቡ። ብሬከር ነው የሚጠፋው፣ ከዚያም በቴስተር ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ትነካላችሁ። የኤሌክትሪክ ነገር የማይሆንላችሁ ከሆነ ይህንን ክፍል ለባለሙያ ስጡ፣ ግን አጠገቡ ቁሙ፣ ታንኩንም እንዲያጸዳ ንገሩት።

ወደ ቦይለሩ የሚገባውን የቀዝቃዛ ውሃ መዝጊያ ዝጉ። የሻወሩን የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈቱ፣ አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም። ቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ትንሽ እጀታ ያላት የነሐስ ነገር አለች፣ ሴፍቲ ቫልቭ። እጀታዋን ስታነሱ ውሃው በእሷ በኩል ይወርዳል። ጫፏ ላይ ጎማ ሰክታችሁ ወደ ጀሪካን አዙሩት። 50 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አይደፋም። ለልብስ፣ ለወለል፣ ለሽንት ቤት ይሆናል።

ስለዚህች ቫልቭ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ቤት ያላግባብ ትከሰሳለችና። ቦይለሩ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ካለች አልተበላሸችም። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ትርፉን የምታወጣው በእሷ ነው። ጠብታውን ለማቆም ቡሽ የሚወትፉ ሰዎች አሉ። እባካችሁ እንዳታደርጉት። መተንፈሻው የተዘጋ ቦይለር ቴርሞስታቱ የተበላሸ ቀን ግድግዳ የሚያፈርስ ነገር ይሆናል። ሌላም ስራ አላት፦ የመንገድ ውሃ ሲቋረጥ የታንኩ ውሃ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሄድ ትይዛለች። ኖራ ከያዛት ሁለቱንም ስራ ትተዋለች። በወር አንድ ጊዜ እጀታዋን አንስታችሁ ትንሽ ውሃ አስተፏት። ይሄን ለማድረግ አንድ ደቂቃም አይፈጅም።

ታንኩ ሲጎል የታችኛውን ክዳን ፍቱ። ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ የትኛው የት እንደነበር በኋላ አይጠፋችሁም። ቴርሞስታቱን ሳቡት። ከዚያ ባልዲ ከስር አድርጋችሁ ብሎኖቹን ፍቱ፣ የቀረው ውሃ ከነስብርባሪው ይወርዳል። ሬዚስታንሱ ካልወጣ በጉልበት አትጎትቱት። ግራ ቀኝ እያወዛወዛችሁ ቅርፊቱ እንዲሰበር ጊዜ ስጡት።

ከሬዚስታንሱ ጎን የቆመ ግራጫ ዘንግ ታያላችሁ። የማግኒዝየም ዘንግ ነው፣ አኖድ ይሉታል። ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ሲያልቅ አይቀይረውም። ስራው ታንኩ እንዳይዝግ ራሱን ማስበላት ነው። ዝገት የሚያመጣው ነገር መጀመሪያ እሱን ይበላል፣ እሱ ሲያልቅ ወደ ታንኩ ይዞራል። እርሳስ ካከለ፣ ወይም መሀሉ ያለው ሽቦ ከታየ ቀይሩት። ሬዚስታንስ በየጊዜው ይገዛል፣ ታንኩ ከተበሳ ግን ቦይለሩ አበቃ። ድሬ ታይዋን ገበያ ስትወርዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ በእጅ ካልተለካ ርዝመቱም ጥርሱም ይሳሳታል።

ዘንጉን ፍቱና ለብቻው አስቀምጡት፤ አሲድ ውስጥ ከገባ ይሟሟል። ሬዚስታንሱን ደግሞ በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፉት። ሽቦ የሚታሰርበት ጫፍ ከፈሳሹ ውጪ ይሁን። አቼቶ ይሆናል፣ አንድ ሌሊት ይፈልጋል። እኔ ሲትሪክ አሲድ እመርጣለሁ፣ ስኳር የሚመስለው ነጭ ዱቄት፤ አይሸትም፣ ቶሎም ይሰራል። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 50 ግራም፣ ሶስት የሾርባ ማንኪያ ተኩል ገደማ። የፈላ ውሃ አትጠቀሙ፣ በጣም ሲሞቅ እሱ ራሱ ከካልሲየሙ ጋር ሌላ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሰራል። ስትዘፈዝፉት እንደ ለስላሳ ይንሸከሸካል። የሚወጣው ያው የቅድሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ድምፁ ሲቆም ቅርፊት ካለ ውሃውን ቀይሩ። በመዶሻ አትምቱት፣ በቢላ አትፋቁት። የመዳቡ ቆዳ ከተሰነጠቀ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ይሄዳል፣ ሻወር ላይ መንዘር የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ሁለት ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ የባትሪ አሲድም ሆነ ለሽንት ቤት የሚሸጠውን ጠንካራ አሲድ አትጠቀሙ፣ ኖራውን ከበላ በኋላ ብረቱን ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ አቼቶም ሆነ ሲትሪክ ከበረኪና ጋር በምንም አይነት አይገናኝ። ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ ሆናችሁ አስቡት።

ሬዚስታንሱ ሲዘፈዘፍ እናንተ ወደ ታንኩ። በጓንት እጃችሁን አስገብታችሁ ስብርባሪውን እፈሱ። ግድግዳውን በብረት አትፋቁ፣ ውስጡ እንደ ኢናሜል ሰሃን የተቀባ ነው፣ ከተላጠ ይዝጋል። ግድግዳው ላይ የተጣበቀ ስስ ነጭ ሽፋን ቢቀር ተዉት፣ ጉዳት የለውም። ቀዝቃዛውን ጥቂት ከፈት ዘጋ እያደረጋችሁ አጥቡት።

ስትገጥሙ የማሸጊያውን ጎማ በአዲስ ቀይሩ። አሮጌው ከደረቀ ያንጠባጥባል፣ የሚያንጠባጥበውም ሽቦው ላይ ነው። ብሎኖቹን በዙር ሳይሆን በትይዩ፣ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አጥብቁ። የመሬት ሽቦው፣ አረንጓዴና ቢጫው፣ ቦታው መታሰሩን ሁለቴ እዩ።

ከሁሉም በላይ ይሄን ያዙልኝ፦ ታንኩ ሳይሞላ ብሬከር አይነሳም። ቀዝቃዛውን ክፈቱ፣ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፍት ተዉት፣ መጀመሪያ አየር ይተነፍሳል፣ ያስላል፣ ከዚያ ውሃው ሳይቆራረጥ ይመጣል። ያኔ ነው ብሬከር። ባዶ ታንክ ውስጥ የበራ ሬዚስታንስ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። የፈረቃ ነገርም እዚህ ይመጣል። ውሃ ከሄደ ቀናት ካለፉና ሴፍቲ ቫልቯ መመለሻውን በደንብ የማትይዝ ከሆነ ታንኩ ሳታውቁት ይጎላል። ውሃ ሲቋረጥ ቦይለሩን የማጥፋት ልማድ አሲዙ። ለልጆቹም፣ ለሚያግዟችሁም ንገሩ። ውሃው ሲመለስ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ደግሞ በጓሮ ቧንቧ አስወጡት፣ ደለሉን ይዞ የሚመጣው ያኔ ነው።

ሻወሩ ራሱ ውሃ ግራ ቀኝ እየረጨ ከሆነ ቀዳዳው በኖራ ተደፍኗል። መፍታት አያስፈልግም። ፌስታል ውስጥ አቼቶ ጨምራችሁ ሻወሩ ውስጡ እንዲጠልቅ አድርጋችሁ በላስቲክ እሰሩት፣ ማታ አስራችሁ ጠዋት ፍቱት። ለበራዱም ሲትሪኩ ይበቃል፣ ግማሽ ሰዓት ይቆይና ሁለቴ በደንብ ይታጠብ። ዝናብ ሲዘንብ ከቆርቆሮ የሚወርደውን፣ የመጀመሪያውን አቧራ ካሳለፋችሁ በኋላ አጠራቅማችሁ ለልብስ ተጠቀሙበት፤ ሳሙናው የሚቆጥበውን ታያላችሁ።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት ሊሸጡላችሁ ይችላሉ። አልመክርም፣ መስራቱ በአስተማማኝ አልታየም። በእርግጥ የሚሰራው በገበታ ጨው የሚታጠበው ማለስለሻ ነው፤ ካልሲየሙን ይዞ በምትኩ ሶዲየም ይለቃል። ዋጋው ግን ለአንድ ቦይለር አይገባም፣ ለሆቴል ወይም ለፔንሲዮን ይሆናል። እሱን ያስገባ ሰው አኖዱን ቶሎ ቶሎ ይይ፣ በለሰለሰ ውሃ ዘንጉ ቶሎ ያልቃል። ድሬ ሳቢያን ያለችው አክስቴ በጣሪያ ላይ የፀሐይ ማሞቂያ ነው ያላት። ለእሷም ያልኳት ይሄንኑ ነው፦ ፀሐዩ ቴርሞስታት ስለሌለው ውሃው ከ60 ዲግሪ በላይ ይሄዳል፣ ስለዚህ እሱም እንደ ቦይለሩ በየጊዜው ተከፍቶ ይታጠባል።

የእናቴን ቦይለር ባለፈው ለሶስተኛ ጊዜ ከፈትኩት። ሬዚስታንሱ ያኔ የገጠምኩት ነው፣ ሳይጣበቅ ሸርተት ብሎ ወጣ። ከታንኩ የወጣው ስብርባሪ ሁለት ጭብጥ ብቻ። ስጨርስ ቀኑን በማርከር የቦይለሩ ጎን ላይ ጻፍኩ፣ ከስሩም የሚቀጥለውን፣ ስድስት ወር ቆጥሬ።